የሞተር መሪን በራይዘር ከፍ ማድረግ፦ 50 ሚሊ ይበዛብኛል?

ረዥሙ፦

ሰላም ናችሁ? ቁመቴ 1.88 ነው። ሞተሬ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የምትሆን ባለ 250 ሲሲ ናት። በጣም ነው የምወዳት። ግን መሪዋ ለኔ ዝቅ ይላል። አንድ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ትከሻና ትከሻዬ መሃል ያቃጥለኛል። እግር ማሳረፊያው ላይ ቆሜ ስነዳ ደግሞ ይብሳል። ጎንበስ ብዬ ነው መሪውን የምደርስበት፤ ወገቤ ይቆረጣል። እጄም ይደነዝዛል።

መሪውን መያዣው ውስጥ አዙሬ ወደ ራሴ ለማምጣት ሞክሬአለሁ። ብዙም አልረዳኝም። አሁን ባለ 50 ሚሊ ራይዘር (ከመሪው ሥር የሚገባ ማሳደጊያ) ልገዛ ነው። መሪዋ ወፍራሙ ዓይነት ነው፤ መሃሉ 28.6 ሚሊ። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «አራት ቡሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ነው» ይላሉ። እውነት ይሄን ያህል ቀላል ነው? የገጠማችሁ ካላችሁ ሳልገዛ ንገሩኝ።

ቁልፍ_13፦

ወንድሜ፣ ሳትገዛ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው ወደኔ የሚመጣው ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አራቱ ቡሎን እውነት ነው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ግን መሪው ሲነሣ አብሮት የሚነሣውን ቁጠር። ሁለት የጋዝ ካቮ አለ፤ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። የፍሪሲዮን ካቮ አለ። የፊት ፍሬን ቱቦ አለ። ከግራና ከቀኝ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የሚወርዱ ሽቦዎች አሉ። ፋብሪካው ሁሉንም ለክቶ የቆረጣቸው መሪው አሁን ላለበት ከፍታ ነው። ትንሽ ትርፍ ይተዋል፣ ግን ምን ያህል እንደሆነ ሞተሩ ይለያያል።

ስለዚህ ብር ከማውጣትህ በፊት ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። ከጠንካራ እንጨት ልክ 50 ሚሊ ቁመት ያላቸው ሁለት ቁራጭ አዘጋጅ። 30 ሚሊ ቁመት ያላቸው ሌሎች ሁለትም አዘጋጅ። የነዳጅ ታንኩን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነው። የላይኛውን መያዣ ፍታና መሪውን አንስተህ እንጨቶቹን ከሥሩ አስገባ። አንድ ሰው ይያዝልህ። መሪው ካመለጠ ታንኩን ይሰረጉደዋል፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውም ይገለበጣል። ከዚያ መሪውና ፎርኬታው (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) አብረው እንዲዞሩ አድርገህ እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ። የትኛው እንደሚወጠር በዓይንህ ታያለህ፣ በጣትህም ትዳስሰዋለህ። ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን። በእንጨት ላይ መንዳት የለም።

የሌሊት_መንገደኛ፦

የደረሰብኝን ልንገርህ። 40 ሚሊ ነበር የገጠምኩት። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ሁሉንም አየሁ። ቱቦው ደህና። ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ፣ ደህና። ሁለት ቀን ነዳሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠባብ መንገድ ላይ ዞሬ ልመለስ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሰበርኩ። እጄ ጋዙ ላይ ንቅንቅ አላለም። ሞተሯ ግን በራሷ ጮኸች። አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቅቄዋለሁ። ወደፊት ወረወረችኝ። ፍሪሲዮኑን መልሼ ጨብጬ የኋላ ፍሬን ረገጥኩ። መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ልገባ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆመች። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መሪውን ሳቀና ድምጿ ወደ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጣት ወደምትሠራበት) ወረደ። መልሼ ወደ ግራ ሰበርኩ። መልሳ ጮኸች። የጋዙ ካቮ አጥሮ ነበር።

ገጥሜ እንደጨረስኩ ሞተሩን አስነሥቼ ዜሮ ማርሽ ላይ መሪውን ግራ ቀኝ ብሰብር ኖሮ እዚያው ግቢ ውስጥ አውቀው ነበር። ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። እባክህ ይሄን ሳታደርግ ከበር እንዳትወጣ።

ረዥሙ፦

ተርፈህ ስላየሁህ ደስ ብሎኛል። ግን አልገባኝም። እጅህ ሳይነካው ካቮው እንዴት ጋዝ ይከፍታል? ደግሞ ለምን በግራ ብቻ?

ቁልፍ_13፦

ካቮ ሁለት ነገር ነው። ውጭው የማይጨመቅ ሽፋን ነው። ውስጡ የብረት ሽቦ ነው። ጋዝ የሚከፈተው ሽቦው ከሽፋኑ አንጻር ሲሳብ ነው። አንተ በእጅህ ብትስበው፣ ወይም ሽፋኑ ተወጥሮ ከመቀመጫው ትንሽ ቢወጣ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ክፉኛ ቢታጠፍ፣ ታች ላለው ካርቡሬተር ሁሉም አንድ ነው። ተሳበ፣ ይከፍታል። በኢንጀክሽን ሞተርም ካቮ እስካለ ድረስ ያው ነው።

ግራ ወይም ቀኝ የሚሆነው ካቮው በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። የጋዙ እጀታ በቀኝ ስለሆነ መሪው ወደ ግራ ሲሰበር ወደፊት ይሄዳል፣ ከሞተሩ ይርቃል። ብዙ ጊዜ የሚወጠረው ያኔ ነው። ግን በቀኝ ሲሰበር የሚወጠርም አይቻለሁ። ሁለቱንም ሞክር።

ሌላም ምልክት አለ። ጋዙን ከፍተህ ስትለቀው ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት፤ መሪው ግራ ላይም፣ ቀኝ ላይም፣ መሃልም ሆኖ። እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ ካቮው ታጥፏል ወይም ተወጥሯል። እጀታው ላይ ያለውን ልቅነትም ለካ። ብዙ ፋብሪካዎች ከ2 እስከ 6 ሚሊ ይላሉ፤ የሞተርህ መጽሐፍ ላይ ትክክለኛው ቁጥር አለ። የፍሪሲዮኑ ደግሞ ሌቨሩ ጫፍ ላይ ሲለካ በብዙዎቹ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ነው። የፍሪሲዮን ልቅነት ከጠፋ ሌቨሩን በትንሹ ጨብጠህ እንደምትነዳ ቁጠረው። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ሳታውቀው ይቃጠላል።

ጋዛቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተሮች ከዚህ የካቮ ጣጣ ነፃ ናቸው። ግን እነሱም ሽቦ አላቸው። የተወጠረ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ይበጠስና ሞተሩ መንገድ ላይ በድንገት ይጠፋል።

ሰማያዊ_ሄልሜት፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም ስለ አገጣጠሙ እያወራችሁ ነው። ራይዘር ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ማንም አልጠየቀም።

እጄ ይደነዝዛል ብለሃል። የትኞቹ ጣቶች? አውራ ጣት፣ አመልካችና መሃል ጣት ከሆኑ፣ በእጅ አንጓ መሃል የሚያልፈው ነርቭ ነው የሚጨነቀው። ያ ብዙ ጊዜ ከሌቨሩ ነው። ሌቨሮቹ ወደ ላይ ቀና ካሉ ጣትህን ለመዘርጋት አንጓህን ወደ ኋላ ታጥፋለህ። እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ራይዘር ልገዛ ስል አንድ ጓደኛዬ ሌቨሮቹን በአለን ቁልፍ ላላ አድርጎ ወደ ታች አዞረልኝ። ከክንዴ እስከ ጣቴ ጫፍ አንድ መስመር ሆነ። በሳምንቱ ድንዛዜው የለም።

ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነርቭ ነው፤ በመዳፍ ውጭ ጠርዝ በኩል ነው የሚያልፈው። መሪውን አዙሬ ወደ ራሴ አመጣሁት ማለትህ ያሳስበኛል። መሪ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ሲዞር ጫፎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ክብደትህ ሁሉ በዚያ ጠርዝ ላይ ያርፋል። መሪው ላይ ፋብሪካው የመታው ትንሽ ነጥብ አለ። ከመያዣው መገጣጠሚያ ጋር ትክክል አድርገውና መልሰህ ሞክር።

ወንበሩንም እይ። ወደፊት ያዘነበለ ወንበር ወደ ታንኩ ያንሸራትትሃል፤ ራስህን የምትገፋው በእጅህ ነው። ያንን ራይዘር አያድነውም።

ኮረኮንች፦

ሰማያዊ ያለችው ለተቀመጠ ነጂ ልክ ነው። ቆሞ ለሚነዳ 1.88 ሰው ግን ራይዘር ቅንጦት አይደለም። እኔ የምለካው እንዲህ ነው። ሞተሯ ቆማ ሰው ይያዝልህ። እግር ማሳረፊያው ላይ ቁም፣ ጉልበትህን ትንሽ አላላው፣ ጭንቅላትህ ከመሪው በላይ አካባቢ ይሁን። እጅህን ወደ ታች ልቀቀው። መሪው መዳፍህ ሥር ከመጣ ደህና ነው። ወገብህን አጥፈህ የምትፈልገው ከሆነ ያጥርሃል።

ግን 50 ሚሊን ሳትቸኩል አስብበት። ራይዘር መሪውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ አያነሣውም። ፎርኬታው ያዘነበለ ነው፤ ራይዘሩም በዚያው ዝንባሌ ይወጣል። ዝንባሌው 27 ዲግሪ ቢሆን 50 ሚሊ ራይዘር መሪውን 45 ሚሊ ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ 23 ሚሊ ያህል ደግሞ ወደ ሆድህ ያመጣዋል። 30 ሚሊው 27 ወደ ላይ፣ 14 ወደ ኋላ ይሆናል። ለአጭር ሰው ወደ ኋላ መምጣቱ ጥቅም ነው። ክንደ ረዥም ከሆንክ ግን ክርንህ ከጎድንህ ይጣበቃል። ቆመህ ደግሞ መሪው ጭንህን ይነካል። መሪውን ከፍ እያደረገ ወደፊትም የሚገፋ ራይዘር አለ፤ ለኛ ቁመት ያ ይሻላል።

ሌላው፣ ሰውነትህ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የፊት ጎማው ይቀልለዋል። አሸዋና ልቅ ጠጠር ላይ ይታወቅሃል። መሪው ከሥሩ የላስቲክ ማረፊያ ያለው ሞተር ከሆነም ራይዘሩ በረዘመ መጠን ላስቲኩን ይበልጥ ያንቀሳቅሰዋል፤ ፍሬን ስትይዝ መሪው የሚወዛወዝ ይመስልሃል።

ጋሼ ቁልፍ ያላነሡትን አንድ ነገር ልጨምር። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የሌለው ሞተር ላይ የፊት ፍሬን ቱቦ ከመሪው ቀጥታ ጎማው ጋ ወዳለው የፍሬን መያዣ፣ ወደ ካሊፐሩ፣ ይወርዳል። ሁለቱም ከፎርኬታው ጋር አብረው ስለሚዞሩ መሪውን ግራ ቀኝ ብትሰብር ቱቦው ብዙም አይወጠርም። ቱቦውን የሚወጥረው ፎርኬታው ሲዘረጋ ነው። ጉብታ ዘለህ የፊት ጎማው አየር ላይ ሲሆን ማለት ነው። ስለዚህ የእንጨቱን ሙከራ ስታደርግ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣ።

ቁልፍ_13፦

ኮረኮንች ልክ ነው። እኔ ሞተሩን በማንሻ አንጠልጥዬ ስለምሠራ ሳላስበው አለፍኩት። ጎማው ይነሣ።

ረዥሙ፦

የትንሿና የቀለበት ጣቴ ነው የሚደነዝዘው! ነጥቡንም ሄጄ አየሁት። መሪውን ወደ ኋላ አንድ ጣት ያህል አሳልፌ አዙሬዋለሁ። አሁን መለስኩት። ሌቨሮቹንም ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። የእንጨቱን ሙከራ ቅዳሜ ወንድሜ ሲመጣ እሠራለሁ። አመሰግናለሁ ሰማያዊ፣ እህቴ።

ቁልፍ_13፦

እስከ ቅዳሜ ስለ ቡሎኑ ላውራ። ይሄን ሰው ቸል ሲለው ያናድደኛል፤ መሪው በእጅህ ላይ የሚቀረው በዚህ ነውና።

30 ሚሊ ማሳደጊያ ከገባ ቡሎኑም 30 ሚሊ መርዘም አለበት። ቡሎኑ የሚገባበት የታችኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። 8 ሚሊ ውፍረት ካለው ቡሎን ርዝመት ቢያንስ 12 ሚሊው አልሙኒየሙ ውስጥ መግባት አለበት። 16 ቢገባ እንቅልፌን ተኝቼ አድራለሁ። እንዴት ታውቃለህ? ቡሎኑን በእጅህ እያስገባህ ዙሩን ቁጠር። የ8 ሚሊ ቡሎን የተለመደው ጥርስ 1.25 ሚሊ ነው። አሥር ዙር 12.5 ሚሊ ነው። አምስት ዙር ገብቶ ከጠበቀ አትንዳው። ከልክ በላይ የረዘመ ቡሎንም ሌላ ጣጣ አለው። ቀዳዳው ከታች ዝግ ከሆነ ጫፉ ወለሉን ይነካል። ቁልፉ «ጠብቋል» ይልሃል፣ መሪው ግን አልተያዘም።

የቡሎኑን ራስ አንብብ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይኖረዋል። ድሮ የነበረው 10.9 ከሆነ 8.8 አታስገባ። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለአጥር እንጂ ለመሪ አይሆንም። ሁለት ራይዘር መደራረብ፣ ሮንዴላ ቆልሎ ከፍታ መሙላት፣ ይሄንንም አልሠራም።

የላይኛው መያዣ ላይ ቀስት ወይም ነጥብ ካለ ወደፊት ይዙር። እንደዚህ ዓይነቱን ብዙውን ጊዜ የፊቶቹን ቡሎኖች መጀመሪያ ታጠብቃለህ፣ የፊቱ ክፍተት ይዘጋል፤ ከዚያ የኋላዎቹን። ሌላው ዓይነት ከፊትም ከኋላም እኩል ክፍተት ይፈልጋል። መጽሐፉን እይ፣ አትገምት። ጥብቀቱ ለ8 ሚሊ ቡሎን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 28 ኒውተን ሜትር መሃል ነው። ቶርክ ቁልፍ ተዋስ። በጉልበት ያጠበቀ ሰው ሁለት ጊዜ የአልሙኒየም ጥርስ ነቅሎ አምጥቶልኛል።

አዲስ_ገቢ፦

ጋሼ፣ ጣልቃ ልግባ። የኔ የፍሬን ቱቦ አጭር ነው። ረዥም ቱቦ ገዝቼ ራሴ ብቀይረው ምን አለው? ኤቢኤስ አለው ሞተሬ።

ቁልፍ_13፦

ልጄ፣ ኤቢኤስ ካለው ቱቦው ሻሲው ላይ ወዳለው ሳጥን ነው የሚሄደው። ስለዚህ መሪው ሲሰበርም ይወጠራል። አየር ሳጥኑ ውስጥ ከገባ አንዳንዱ ሞተር ላይ ያለ ኮምፒዩተር አይወጣም። ይሄን በዓይንህ አይተህ የማታውቅ ከሆነ ብቻህን አትጀምረው።

ኤቢኤስ የሌለው ላይ ግን ሠርተህ የምትማረው ሥራ ነው። በቱቦው ራስ ግራና ቀኝ ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ ቀይር፤ የድሮዎቹ አንዴ ተጨፍልቀዋል፣ ያንጠባጥባሉ። ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ዶት 4 የሚል ከሆነ ዶት 4 ሙላ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ታንክህ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠበው። ሌቨሩ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ አየሩን አስወጣ። ስፖንጅ እየጨበጥክ የሚመስልህ ከሆነ ገና ነው።

ረዥሙ፦

ሠራሁት። የፊት ጎማውን አንሥተን፣ ወንድሜ መሪውን ይዞልኝ።

50 ሚሊ፦ የፍሬን ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ጎማው መሬት ላይ ሳለ ግን ደህና ይመስል ነበር! ኮረኮንች ባይነግረኝ አላየውም ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ስንሰብር የፍሪሲዮኑ ልቅነት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ወደ ግራ ስንሰብር የጋዙ ካቮ ሽፋን ከመቀመጫው ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁት። የሌሊት መንገደኛ የነገረኝ ያ ነው። ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ።

30 ሚሊ፦ ቱቦው ጎማው ተነሥቶም ልቅ ነው። ፍሪሲዮኑ ደህና። ጋዙ ብቻ ትንሽ ይወጠራል። ካቮዎቹን ከሽቦዎቹ ጋር አንድ ላይ የጠረነቀች ፋሸታ (የፕላስቲክ ማሰሪያ) ነበረች፣ ከፊት መብራቱ ጀርባ። ቆረጥኳት። ካቮው ሁለት ጣት ያህል ተለቀቀ። አሁን በሁለቱም ጫፍ ልቅ ነው።

ጣቶቼ ደግሞ፦ መሪውን ወደ ነጥቡ ከመለስኩ ወዲህ ድንዛዜው በጣም ቀንሷል። ቆሜ ስነዳ ያለው የወገብ ሕመም ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ 30 ሚሊ፣ 10 ሚሊ ወደፊት የሚገፋውን ዓይነት አዘዝኩ።

ቁልፍ_13፦

ጥሩ ሠርተሃል። ፋሸታዋን ከቆረጥክ በሌላ፣ ላላ አድርገህ እሰር። ነፃ የተለቀቀ ካቮ በፎርኬታውና በሻሲው ማቆሚያ መሃል ገብቶ ይጨፈለቃል። መሪውን እየሰበርክ ጣትህን በካቮው መንገድ ሁሉ አስኪድ።

የሌሊት_መንገደኛ፦

ሞተሩን አስነሥተህ ግራ ቀኝ። ዜሮ ማርሽ። ድምፁን ስማ።

ረዥሙ፦

ገጥሜ ከጨረስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ መንገር አለብኝ ብዬ ነው።

ሞተሩን አስነሥቼ ግራ ቀኝ ሰበርኩ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥር ጊዜ። ሚኒሞዋ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። መጀመሪያ ቀን ግን ሌላ ነገር አገኘሁ፤ መሪው ሙሉ ወደ ቀኝ ሲሰበር የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው የንፋስ መከላከያውን ይነካል። ፍሬኑን ሁለት ሚሊ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ተላቀቀ። መስታወቶቹንም እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ፤ ሰማይ ብቻ ነበር የሚያሳዩኝ።

ቆሜ ስነዳ ጀርባዬ ቀጥ ብሏል። ትናንት ለሦስት ሰዓት ያህል ኮረኮንች ነዳሁ። ስወርድ ወገቤን አልያዝኩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደረቴ ላይ ንፋሱ ጨምሯል። ጠጠር ላይ የፊት ጎማው ቀለል ብሎኛል፤ ስታጠፍ ወደፊት ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ። ቡሎኖቹ ራስና መያዣው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሥምሬ ነበር። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ አየሁት፣ መስመሩ አልተዛነፈም።

አዲስ_ገቢ፦

እንኳን ደስ አለህ! የቡሎኖቹን ልክ ብትነግረኝ። የኔም 30 ሚሊ ነው።

ረዥሙ፦

የኔ የድሮዎቹ 45 ሚሊ ነበሩ፣ አዲሶቹ 75። ራሳቸው ላይ 10.9 ይላል። በእጄ ሳስገባቸው አራቱም አሥራ አንድ ዙር ገብተዋል። ያንተ ግን ሊለይ ይችላል፤ አንዱን ፈትተህ ለካውና ያገኘኸውን እዚህ ጻፍ፣ ጋሼ ያዩልሃል።